ሐረጎ ላይ ያስተነፈስናቸው ጎማዎች

ልጄ የተወለደች ዕለት ጧት ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ነበር። ክረምት መሆኑን የሚያስታውስ ነገር ቢኖር ወደ ደሴ በኩል ተራራው ላይ የተከመረው ጥቁር ደመና ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆሜ ለዘመድ አዝማድ ስደውል ግማሹ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ይለኛል፣ ግማሹ «ማሻአላህ፣ አላህ ያሳድጋት» ይለኛል፤ ሁለቱንም አሜን እያልኩ እቀበላለሁ። የዚያን ዕለት እንደ እኔ የፈነጠዘ ሰው በከተማው አልነበረም። ቀትር ላይ ግን ሐኪሟ ከማዋለጃ ክፍሉ ብቅ ብላ ስሜን ጠራች። ፊቷን እንዳየሁ ስልኩን ሳልዘጋ ወደ እሷ ሮጥኩ።

«የጦይባ ባለቤት አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ልጅቷ ደህና ናት። እናቲቱ ግን ከወለደች ጀምሮ ደሟ አልቆም ብሏል። የእሷ ዓይነት ደም ብዙ አይገኝም፤ የነበረንን ሰጥተናታል፣ አልቋል። ደሴ እንዳለ ደውዬ አረጋግጫለሁ፤ ይዘው ይጠብቁሃል። ማምጣት አለብህ።»

«አምቡላንሱስ?»

«ምጥ የጠናባት ሴት ሊያመጣ ወደ ሐርቡ ወርዷል። እሱን እንጠብቅ ካልን...» አልጨረሰችውም።

«የኔን ደም ውሰዱ!»

«ያንተንም የእህቷንም አይተነዋል፤ አይሆናትም። በቃ አሁን ሂድ።»

በበረዶ የተሞላች ትንሽ ሳጥን እጄ ላይ አስቀምጣ ተመልሳ ገባች። በሩ ሲከፈት አልጋው ሥር የወደቀ ጨርቅ አየሁ። ቀለሙን መናገር አልፈልግም።

ያኔ እኔ ማን እንደነበርኩ ላስረዳችሁ። ሰዒድ እባላለሁ። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን እጠግን ነበር። ከጦይባ ጋር ኮምቦልቻ ተከራይተን እንኖራለን፤ የሁለታችንም ቤተሰብ ግን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። ከእኛ ጋር የጦይባ ታናሽ እህት ሐያት ነበረች። ሐያት በአንድ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ ታስተምራለች። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ፣ እናታቸው ገበያ ሲውሉ ሐያትን አዝላ ያሳደገቻት ጦይባ ናት።

ሐያትና እኔ በትርፍ ጊዜያችን አንዲት መኪና ስንሠራ ቆይተን ነበር። የአሮጌ ቮልስ ሻንሲና ሞተር አገኘን፤ ከባዱን ቆርቆሮ ገፈን ጣልን፤ በስስ አሉሚኒየም ለበጥናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች ቀይ የስፖርት መኪና ወጣት። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ አፍንጫዋን ሁለት ሰው ይዞ ያነሳዋል። ሰፈሩ ሁሉ ወዷታል። ጦይባ ብቻ «ይቺ ጠበንጃ እንጂ መኪና አይደለችም» እያለች ትስቅብን ነበር።

አንድ ነገር ሳንቋጨው ቀርተናል፦ የጎማዋ ንፋስ። ጎሚስታው ለቤት መኪና ሁሉ እንደሚሞላው አራቱንም በንፋስ መለኪያው ሠላሳ አምስት ሞልቶልናል። ሐያት «ይበዛባታል መሰለኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ «የላላ ጎማ ኩርባ ላይ ይታጠፋል» እላለሁ። ሁለታችንም በግምት ነው የምናወራው። የቮልሱ መመሪያ የሚናገረው ስለ ቮልስ ነው፤ የእኛዋ ደግሞ ከቮልስ እጅግ ትቀላለች። ደረቅ ሜዳ ላይ ደህና ትሄድ ስለነበር፣ ጦይባ በሰላም ትገላገልና ረጋ ብለን እንሞክራለን ተባብለን ተውነው።

እንግዲህ ሳጥኗን ይዤ ከግቢው ስወጣ መንገዱ ጭር ብሏል። ነዳጅ ጠፍቶ የሰነበተበት ሳምንት ነበር፤ ሚኒባሱም ባጃጁም ማደያው በር ላይ ተሰልፏል። ደሴ ያሉት ዘመዶቻችን ጋ ብደውል፣ እነሱም ነዳጅ ያለው መኪና አጥተዋል። አንዱን ሹፌር መስኮቱን እየደበደብኩ ለመንኩት። «ወላሂ ወንድሜ፣ ጠብታ የለኝም፤ ገፍተው ነው እዚህ ያደረሱኝ» አለኝ። ወደ ሌላው ስሮጥ ከኋላዬ የማውቀው የሞተር ድምፅ መጣ። ሐያት ነበረች። እኔ ከሐኪሟ ጋር ሳወራ ሰምታ፣ እዚያው አጠገብ ወዳለው ቤታችን ሮጣ፣ ለሙከራ ነዳጅ ያስቀመጥንባትን ቀይዋን መኪና ይዛ መጥታለች።

«ግባ» አለችኝ።

የሆስፒታሉ በር ላይ አማቴ እማ ዘሀራ መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ጨብጠው ቆመዋል። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ሂዱ ልጆቼ፣ አላህ ከፊታችሁ ይቅደም» ብለው መረቁን።

ከኮምቦልቻ ስንወጣ ሐያት እንደዚያ ስትነዳ አይቻት አላውቅም። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስንጀምር ፀሐዩ ከኋላችን ቀረ። መጀመሪያ ካፊያ፣ ቀጥሎ ጉም፣ ከዚያ ዶፍ ሆነ። ጣሪያ የለንም። ሳጥኗን በጃኬቴ ሸፍኜ ጎንበስ አልኩ። መኪናዋ አስፋልቱ ላይ የምትሄድ አትመስልም ነበር፤ በእያንዳንዷ ጠጠር ላይ እንደ ኳስ ትነጥራለች። ኩርባ ላይ መሪውን ስታዞረው አፍንጫዋ ለመታዘዝ ትዘገያለች፤ ከዚያ የኋላዋ ድንገት ሸርተት ይላል። ሐያት ሁለት ጊዜ መለሰቻት።

«ቀስ በይ!» አልኩ። ወዲያው ደግሞ «ፍጠኚ!» አልኩ። ሁለቱንም ከልቤ ነበር።

ሐረጎ ላይ ከአንዱ ኩርባ ስንታጠፍ ከተራራው የታጠበ ጭቃ መንገዱ ላይ ተኝቶ ጠበቀን። ሐያት ፍሬን ነካች። የኋላዋ ጥሎን ሄደ። መኪናዋ እንደ እንዝርት ዞረች፤ ተራራ፣ ጉም፣ ገደል፣ እንደገና ተራራ አየሁ። አንድ ነገር በኃይል መታን፤ ቆምን። የኋላ ጎማችን የመንገዱን ዳር ከሚከልለው ድንጋይ ጋር ተላትሞ፣ አፍንጫችን ወደመጣንበት ወደ ኮምቦልቻ ዞሯል። በእኔ በኩል ከድንጋዩ ወዲያ ጉም ብቻ ነው ያለው፤ ሥሩ ምን ያህል እንደሚወርድ የወሎ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሳጥኗን ዳሰስኩ፤ ደህና ናት። ቀና ስል አንድ ጭነት የያዘ መኪና ከላይ ከደሴ በኩል ሲወርድ እያንቋረረ ቆመ። ሹፌሩ ጠና ያሉ፣ ጋቢ ትከሻቸው ላይ የጣሉ ሰው ናቸው። ከረዳታቸው ጋር ወርደው መጡ።

«በስመ አብ! ነፍስ አላችሁ?»

«አባባ፣ መኪናዋን ያዙሩልን! ሚስቴ ደም እየፈሰሳት ነው፤ ደም ልናመጣ ደሴ መድረስ አለብን!»

ሦስት ሆነን አዞርናት፤ ቀላል ስለሆነች አላስቸገረችም። ሰውየው ጎማውን በእግራቸው ረገጥ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፣ ስሙኝ። ይቺን ተዉአትና ሌላ መኪና ጠብቁ። በዚህ ዝናብ ትፈጃችኋለች።»

«እስካሁን ከኋላችን የሚመጣ መኪና አይተዋል አባባ?»

ወደ ታች አዩ። ከጉሙ የሚወጣ አንድም መብራት የለም። «እኔም ወራጅ ሆንኩባችሁ» አሉ በሐዘን። «እመብርሃን ትከተላችሁ።» መኪናቸውን አስነስተው ወረዱ። ዝናቡና እኛ ቀረን።

እኔ ዘልዬ ገባሁ። ሐያት ግን አልገባችም። አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ የፊት ጎማውን እያየች ነው።

«ሐያት! ምን ታያለሽ? ግቢ እንጂ!»

«ጎማውን።»

«እህትሽ እየሞተች ጎማ ታያለሽ?»

ቀና አላለችም። «ና እየው።»

«ምን አየዋለሁ! ቁልፉን አምጪ፣ እኔ እነዳለሁ!»

«አልሰጥህም።»

ወርጄ ክንዷን ያዝኩ። ከዚያ በፊት በእሷ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ በዚያች ሰዓት ግን ሰው አልነበርኩም። እሷ ተነስታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ዝናቡ ከሻሿ ላይ ወደ ዓይኗ ይወርዳል።

«ያንተ ሚስት ብቻ መሰለችህ?» አለችኝ። «በጀርባዋ ያሳደገችኝ እህቴ እኮ ናት! እኔ መሞት አልፈራሁም። ገደል ከገባን ደሙን ማን ያደርስላታል? ንገረኝ፣ ማን?»

ክንዷን ለቀቅኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ጎማው ከኮምቦልቻ ይዞት የወጣው አቧራ በግራና በቀኝ ጠርዙ ላይ ረጥቦ እንደተለጠፈ ነው። መሀሉ ላይ ብቻ፣ ሁለት ጣት በማይሞላ መስመር፣ ታጥቦ ጥቁር ሆኗል። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው በዚያች መስመር ላይ ቆመን ነው።

«በጣም ስለተነፋ መሀሉ አብጧል» አለች። «ከባድ መኪና ቢሆን በክብደቱ ይጫነውና ሙሉው ይነካል። የእኛዋ ክብደት የላትም። እየነዳን አይደለም ሰዒድ፣ እየተንሳፈፍን ነው።»

«ታዲያ ስንት ይሁን?»

«አላውቅም።»

እናንተ አንባቢዎች፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቃል ያስደነገጠኝ የለም። የምታውቀው እሷ ናት፤ አላውቅም አለች። ያለን የንፋስ መለኪያ ብቻ ነው፤ ፓምፕ አልያዝንም። ያስወጣነውን ንፋስ መልሰን አናስገባውም። ብዙ ካስወጣን ኩርባ ላይ ጎማው ከብረት ቸርኬው ተላቅቆ እዚያው እንቀራለን፤ ጥቂት ካስወጣን ያው ተንሳፋፊ ነን።

ሐያት ከቦዩ ጭቃ ዘግና የፊት ጎማውን ቀባችው። ከዚያ ጥቂት ንፋስ ለቀቀች። ያ ድምፅ! ፍስስስ ሲል ከጎማው የሚወጣ አልመስል አለኝ፤ የጦይባ ደም የሚፈስ ነበር የሚመስለኝ።

«ግፋት» አለችኝ። ገፋኋት። ጭቃው ከየት እንደተጠረገ አየን፤ ገና መሀሉ ነው። እንደገና ቀባች፣ እንደገና ለቀቀች፣ እንደገና ገፋሁ። መለኪያው ሃያ ሲል ጭቃው ወደ ጠርዞቹ መጠረግ ጀመረ። አሥራ ስምንት ላይ ከዳር እስከ ዳር ጠርጎ ወሰደው።

«እዚህ ላይ ይበቃዋል» አለች። ሌላኛውንም የፊት ጎማ እንደዚያው አደረገች።

የኋላዎቹ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «ሞተሩ እዚህ ነው። የፊቱን ያህል ካወረድኩት አይሸከምም።» ቀባን፣ ለቀቅን፣ ገፋን። ሃያ አራት ላይ ጭቃው ሙሉ በሙሉ ባይጠረግም ቀጭን ጠርዝ ብቻ ቀረው። «ትንሽ ደግሞ እንልቀቅ?» አልኳት። ለቅጽበት አሰበችና «አይሆንም፤ ትንሽ የተነፋ ይሻላል፣ ጎማው ከሚወልቅብን» አለች። መለኪያውን ኪሷ ስትከት ነው ያየሁት፤ የቀኝ እጇ አንጓ እንደ ዳቦ አብጧል። ስንላተም መሪው መትቷታል።

«እጅሽ!»

«ማርሹን አንተ ትቀይራለህ። እኔ ስነግርህ ብቻ።»

ቢስሚላህ ብለን ተነሳን። «ሁለት!» ትላለች፣ ፍሪሲዮኑን ስትረግጥ እኔ ማርሹን ወደ ኋላ እስባለሁ። «ሦስት!» ወደ ፊት እገፋለሁ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ምንም አልሆነም። መሪው ከበድ ብሏል፤ ግን አፍንጫዋ ወደታዘዘችበት ሄደች። ጭቃ ላይ ስንወጣ የኋላዋ ትንሽ ተንገዳገደችና ያዘች። መኪናዋ ሌላ መኪና ሆነች። የሐያት ጉንጭ ላይ የሚወርደው ግን ዝናብ ብቻ አልነበረም።

ደሴ ስንገባ ከተማው በጉም ተውጧል። ሆስፒታሉ ስንደርስ ደሙን እንዳዘጋጁት ሰጡን፤ በረዶ ለወጡልን። አንዲት ነርስ መልካችንን አይታ ሻይ ልታጠጣን ብትል ጆሮ አልሰጠናትም። እግረ መንገዴን ሌላ መኪና አፈላለግሁ፤ ደሴም ያው ሰልፍ ነው። በሩ ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። እማ ዘሀራ ናቸው።

«ሰዒድ... ሰዒድ ልጄ...» እያለቀሱ ነው። «ጦይባን... ጦይባን...»

«ምን ሆነች? እማ፣ ምን ሆነች?»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደወልኩ፤ አይጠራም። እንደገና ደወልኩ፤ አይጠራም። ሐያት ፊቴን አይታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሁለታችንም በልባችን የቀበርናት ይመስለኛል። ግን ደሙን ይዘን ወደ መኪናዋ ሮጥን።

ሐያት መሪውን ልትይዝ ስትሞክር ጮኸች። አንጓዋ ጠቁሯል፤ ጣቶቿ አይታጠፉም።

«ቁልቁለቱን በአንድ እጅ አልችልም» አለችኝ። «አንተ ነህ የምትነዳው።»

ሜዳ ላይ ካልሆነ ነድቻት አላውቅም። ሐረጎን ደግሞ በሌላ መኪናም በእንዲህ ያለ ዝናብ ወርጄ አላውቅም። ያም ሆኖ መሪውን ያዝኩ።

ከከተማው ሳንወጣ ከመንገዱ ዳር ጎሚስታ አየሁና ቆምኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ መኪናዋን አይተው «ኧረ በአላህ! ጎማችሁ እኮ ወድቋል!» ብለው የንፋሱን ቱቦ ይዘው መጡ።

«አባባ፣ ቆዩን!» አለች ሐያት። ወደ እኔ ዞረች። «ዳገቱ ላይ የነዳሁት እኔ ነኝ፤ የመረጥኩትም እኔ ነኝ። አሁን የሚነዳው አንተ ነህ። ምረጥ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ ሐያት?»

«ስንወጣ ክብደታችን ወደ ኋላ ነበር። ስንወርድ ፍሬን በረገጥክ ቁጥር ወደ ፊት ይሄዳል። አንተ ደግሞ ከእኔ ትከብዳለህ። ጎማው አሁን ስለሞቀ መለኪያው ከፍ አድርጎ ያሳይሃል። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ሽማግሌው ቱቦውን ይዘው በትዕግሥት ቆመዋል። እኔ የማስበው ያቺን የተቋረጠች ድምፅ ነው። ልቤ «ተወው፣ ሂድ ዝም ብለህ!» ይለኛል። ግን ተንበርክኬ የፊቱን ለካሁ፤ መዳፌን አስፋልቱና ጎማው የሚገናኙበት ላይ አድርጌ ዳሰስኩ። አሥራ ስምንቱ ለዳገት ነበር፤ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ላይ የሚመጣውን ክብደት አይችለውም። «የፊቶቹ ላይ ሁለት ሁለት ይጨምሩልን አባባ። የኋላዎቹን አይንኩብኝ።»

«ሁለት ብቻ? ሠላሳ እንኳን አይሞላም እኮ!»

«አይሙላ።»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ጨመሩልን። የሆነውን ሐያት ስትነግራቸው ቱቦውን ጥለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

ቁልቁለቱን ስጀምር ጉሙ ከኮፈኑ አፍንጫ ወዲያ አያሳይም። ሐያት ሳጥኗን በግራ ክንዷ አቅፋ፣ የተጎዳውን እጇን በሻሿ አስራ፣ መንገዱን እያየች ትነግረኛለች። «ፍሬንህን ከኩርባው በፊት ጨርስ። ኩርባው ውስጥ አትንካው። እንደሱ። ማርሽ ቀንስ። አብሽር፣ አይዞህ፣ ይዟል።» እኔ የምሰማው ድምፅ ግን ሌላ ነው። ልጄ ያለ እናት ስታለቅስ ይሰማኛል። ማን ያጠባታል? ምን ብዬ እነግራታለሁ? አንዳንዴ ድንገት ሁሉም ነገር ከንቱ ይመስለኝና እግሬ ነዳጁ ላይ ይከብዳል፤ ወዲያው የሐያት ድምፅ ይመልሰኛል።

ከአንድ ኩርባ ስወጣ በጉሙ ውስጥ ሁለት መብራት ፊቴ ላይ ፈነዳ። የሚወጣ አይሱዙ በቆመ መኪና ላይ ደርቦ የእኔን መስመር ሞልቶ መጥቷል። በግራ ገደል ነው፤ በቀኝ ተራራውና ቦዩ። ፍሬን ረገጥኩ። አፍንጫዋ ወደ መሬት ዝቅ አለች፤ ጎማዎቹ ውሃውን ሰንጥቀው አስፋልቱን ሲነክሱ በመሪው በኩል እጄ ላይ ተሰማኝ። አልተንሸራተተችም። አልዞረችም። ወደ ቀኝ ቆረጥኩ፤ ሁለቱ ጎማዎች የቦዩን ጠርዝ ይዘው ሄዱ፤ አይሱዙው ስፖኪዮዬን ነቅሎ አለፈ። ከዚያ ወደ መንገዱ ተመለስን።

ሐያት «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያለች ሳጥኗን ከፍታ አየች። «አልፈሰሰም» አለች። አልቆምኩም።

ከተራራው ስንወርድ ዝናቡ ቀረ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐዩ እንደተውነው ነበር፤ እብደት መሰለኝ። የሆስፒታሉ በር ላይ እማ ዘሀራ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶች ከበዋቸዋል። ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ በሴቶች ስትከበብ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። መሪውን ይዤ ቀረሁ። ሐያት ግን ሳጥኗን ይዛ ዘልላ ወርዳ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

«እማ፣ ጦይባስ?» አልኩ ሄጄ አጠገባቸው ተንበርክኬ።

«ቀዶ ጥገና አስገቧት» አሉኝ እማ ዘሀራ። «እሱን ልነግርህ ነበር፤ ስልኩ ተዘጋ። ደሙ እስኪመጣ እየጠበቁ ነው።»

አለች ማለት ነው። ጦይባ አለች። መሬቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ግን የደስታ ለቅሶ አልነበረም። ገና ነው። ከዚያ በኋላ ያለፈው ጥበቃ ከሐረጎ የባሰ ነበር፤ እዚያ ቢያንስ የምይዘው መሪ ነበረኝ። አሁን በእጄ ያለ ነገር የለም። የክፍሉ በር ሲከፈት እቆማለሁ፣ ሲዘጋ እቀመጣለሁ። አንዲት ነርስ ልጄን አምጥታ አሳቀፈችኝ። ፊቷን አላየሁም፤ ማየት ፈራሁ። እናቷን የምትመስል ከሆነስ?

በመጨረሻ ሐኪሟ ወጣች፤ ጭምብሏን አውርዳ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ደሙ ደርሶላታል። ማህፀኗን ግን ማትረፍ አልቻልንም። ሌላ ልጅ አትወልድም። እሷ ግን ትተርፋለች።»

ያን ጊዜ ነው የልጄን ፊት ያየሁት። እናቷን ትመስላለች።

ይህ ገጠመኝ ምን ለወጠብህ ለምትሉኝ፣ ብዙ ነገር። የሐያት አንጓ ተሰብሮ ስለነበር ታስሮ ከረመ፤ ዛሬም ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዛታል። እኔና የፋብሪካው ጓደኞቼ ጊዜው በደረሰ ቁጥር ደም እንሰጣለን፤ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ክንዱን ዘርግቶ ባይሆን ኖሮ ያቺ ሳጥን ባዶ ነበረች። ሌላውን ለውጥ ግን ለመናገር ይከብደኛል። እኔ የቸኮለ ልብ ነበረኝ። ችግር ሲመጣ መሮጥ እንጂ ሌላ አላውቅም ነበር፤ የሮጠ ሰው የወደደ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሐያት ያን ዕለት በዝናብ ተንበርክካ ጎማ ስታይ የጨከነች መስላኝ ነበር። እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሰዓት ቢመጣባችሁ፣ አብሯችሁ ያለው ሰው «ቆይ፣ እንይ» ቢላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት ጎንበስ በሉ።

ለጦይባ መንገድ ላይ መቆማችንን ለረዥም ጊዜ አልነገርናትም። እሷ ደሟ ሲፈስ እኛ ጎማ ጭቃ እየቀባን መቆማችንን እንዴት ብለን እንነግራታለን? እንድትቀየመን ፈራን። አንድ ቀን ልጃችን መሀላችን ላይ ስትድህ ሐያት ሳታስበው አመለጣትና ሁሉንም ነገረቻት። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

ጦይባ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ልጅቷን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት።

«ባትቆሙማ ኖሮ» አለች፣ «ይቺ ልጅ እናቷንም፣ አባቷንም፣ አክስቷንም በአንድ ቀን ትቀብር ነበር።»